ዓሣው እንዳያየኝ

መጀመሪያ ምስጋናዬን ላስቀድም፤ ወሬ ከጀመርኩ ስለማላቆም መሃል ላይ ብረሳው ነውር ነው። ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ቀጥዬ ባለቤቴን ሠናይትን፣ ጓደኛዬን ከድርን፣ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ጋሽ ቶሎሳን አመሰግናለሁ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ይህን ታሪክ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱም የሚነግራችሁ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ካርታ እየበወዘ፣ «ግን በጨለማ ምን አስኬደው?» እያለ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

ያስኬደኝ አምሮት ነው። የኔ ሳይሆን የሠናይት። ሠናይት አርግዛለች። ከተጋባን ጀምሮ ስንጠብቀው፣ ጠበል ለጠበል ስንዞር፣ በየሠርጉ «እናንተስ?» ሲሉን አንገታችንን ስንደፋ ኖረን የመጣ እርግዝና ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ትልቁ ባለሥልጣን ገና ያልተወለደው ሰው ነበር። እሱ ሎሚ ካማረው ሎሚ ይመጣል፤ እሱ የሽሮ ሽታ ካስጠላው ሽሮ ከነድስቱ ጎረቤት ይሰደዳል። እኔ በበኩሌ በዚህ አስተዳደር ደስተኛ ነበርኩ። ማታ ማታ ሆዷ ላይ ጆሮዬን ጥጄ «ሌላስ ምን ይታዘዝ?» እለው ነበር።

አንድ ሰኞ ማታ «ዓሣ አማረኝ» አለች። ምን ችግር አለ ብዬ ወጣሁና ከአንዱ ሱፐርማርኬት ፍሪጅ ውስጥ የወጣ፣ እንደ ኮብልስቶን የደረቀ ዓሣ ይዤ ተመለስኩ። አሸተተችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ምናልባት ምሳ እየበላችሁ ይሆናል።

«ይሄ የሞተ ነው» አለችኝ አፏን ከታጠበች በኋላ።

«የኔ እመቤት፣ የሚበላ ዓሣ ሁሉ የሞተ ነው እኮ።»

አለቀሰች። «እኔ የምፈልገው ዛሬ ከውሃ የወጣ ነው። ቆሮሶ። በእጄ ስነካው የሚያዳልጠኝ።»

«እሁድ ዝዋይ ሄጄ አመጣልሻለሁ።»

«እሁድ?» አለች። ይህችን አንድ ቃል እንዴት እንዳለቻት በጽሑፍ ማስፈር አልችልም። የጎረቤት ሴቶች ደግሞ ነገሩን ሰምተው በማግሥቱ ማለዳ በራችን ላይ ተሰብስበዋል። ያማራትን ያጣች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ ገላው ላይ ምልክት ይወጣበታል አሉኝ፤ እከሊት ሙዝ ተከልክላ የወለደችውን ልጅ አንገት እስኪ ሂድና እይ አሉኝ። ልጄ ግንባሩ ላይ ቆሮሶ ይዞ ሲወለድ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ልጆቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ሁሉ በአንዴ ታየኝ። በሰርቪስ ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ስለ ዓሣ ሳስብ ሄድኩ።

የምሠራው ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ማሸጊያ ክፍል ነው። ሰርቪሱ አቃቂ መልሶ የሚያወርደኝ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እንግዲህ ዓሣ ላጠምድ የምችለው ማታ ብቻ ነው ማለት ነው። ውሃ ግን ሩቅ አይደለም፤ የአባ ሳሙኤል ግድብ ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞርማ ከነሽታው ቤታችን ይገባል። የዚያ ውሃ ዓሣ ይበላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄአለሁ። ንጹሕ ምንጭ የሚገባበት አንድ ጥግ አለ፣ እዚያ አጥምደው የሚበሉ ሰዎች አሉ፣ እስካሁን ሁሉም በደህና ቆመው ይሄዳሉ ተባልኩ። ለአንድ ባል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

የቀረው ጀልባ ነበር። ጀልባ ያለው ደግሞ ከድር ነው። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ አቃቂ ገበያ አጠገብ ባልዲና ሳፋ፣ ጆግና በርጩማ የሚሸጥበት የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለው። ከሱቁ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ረጅምና ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ሰቅሎ ነበር። ካያክ ይሏታል። አገሩ የገባ አንድ ፈረንጅ ከሸጠው ዕቃ መሃል የመጣች ናት፤ ከድር የገዛት ትልቅ የልብስ ማጠቢያ መስላው ነው። የሚገዛት ሲያጣ ለሱቁ ምልክት አደረጋት። አቃቂ ውስጥ አቅጣጫ ሲጠየቅ «ከብርቱካኗ ጀልባ ዝቅ ብሎ» ይባላል።

አዎ፣ ቀለሟ ብርቱካን ነበር። ከሩቅ ዓይን የሚወጋ ብርቱካን። የሠሯት ሰዎች ሰው ውሃ ላይ እንዳይጠፋ ብለው አስበውበት የቀቡት መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን «ይሄን ቀለም ዓሣው አይቶ ይሸሻል» ብዬ ተጨነቅኩ።

ከድር የአምሮቱን ነገር ስነግረው ሁለት ጊዜ አላሰበም። «ውሰዳት ወንድሜ፤ ለልጅ ነው» አለኝ። «ግን መዋኘት ትችላለህ?»

«ልጅ ሆኜ አቃቂ ወንዝ ውስጥ እገባ ነበር።»

«እሱማ ጉልበት ድረስ ነው፤ እኔም ገብቻለሁ» አለና ሁለት ባዶ ቢጫ የዘይት ጀሪካን አምጥቶ አንዱን ደረቴ ላይ፣ አንዱን ጀርባዬ ላይ በሲባጎ ጠፍሮ አሰረልኝ። «ወላሂ ብትወድቅ እንኳ አትሰምጥም።» ቋጠሮው በጣም ጠብቆ ስለነበር ልፈታው ብሞክር እንኳ አልችልም ነበር፤ ደግነቱም እሱ ነው።

ሠናይት በበኩሏ የፋብሪካዬን ሰደርያ አጥባ ሰጠችኝ። ያቺን መብራት ሲያርፍባት የምታብረቀርቅ መስመር ያላትን ሰደርያ ማለቴ ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪም ከወንድሟ ተውሳ አመጣችልኝ። «ባትሪውን ሳታበራ እንዳትገባ። ሰደርያውን እንዳታወልቅ። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለት ለእኔ ሁልጊዜም ቀላል ነው።

ጀልባዋን ከድር ዕቃ በሚያመላልስባት ባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅ ላይ ጫንናት። ቀለሟ እንዳይታይ በግራጫ ብርድ ልብስ ጠቀለልኳት፤ እንዳትንሸራተት ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ በሁለት እጄ አቀፍኳት። መንገዱ ጉድጓድ ስለሆነ ከድር የሚነዳው በእርምጃ ነበር። እንግዲህ አቃቂ ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በጭነት ላይ ተጋድሞ፣ አንድ ሰው አቅፎት፣ ቀስ እያለ ሲያልፍ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ሰዎች ከተቀመጡበት ተነሡ። ኮፍያ ወለቀ። በሕይወቴ ባጃጅ መንገድ ሲለቅልኝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ብድግ አለች።

«እኔን! እኔን አፈር ያስበላኝ! የማን ነው?»

«የከድር ነው» አልኳት፣ የጀልባዋን ባለቤት የጠየቀችኝ መስሎኝ።

«ከድር! ከድር ሞተ!» ብላ ደረቷን ስትመታ ከድር አንገቱን በባጃጁ በር አውጥቶ «ወላሂ አልሞትኩም እናቴ! ይኸው እየነዳሁ ነው!» እያለ ሲምል ቲማቲሙ ሁሉ መንገድ ላይ ተበተነ። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ለወግ ያህል ከኋላችን ሲከተሉን ቆይተው ብርድ ልብሱ ተገልጦ የብርቱካን ጫፍ ሲያዩ «ትቀልዳላችሁ እንዴ?» ብለው ተቆጡን። ይቅርታ ጠይቀን አለፍን።

ውሃው ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ገብታለች። እዚያ አንድ አዛውንት አሉ፤ ጋሽ ቶሎሳ። በውሃ መሳቢያ ሞተር ጎመንና ሽንኩርት ያለማሉ፤ ማታ ማታ አትክልታቸውን ሌባ እንዳይነቅልባቸው ከዳሳቸው ሥር ያድራሉ። ከዳሳቸው አጠገብ ለላማቸው ያከማቹት የጭድ ክምር ቆሟል። ሰላም ብያቸው ጀልባዋን አወረድኩና ጭቃ እየዛቅሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እለቀልቃት ጀመር።

ጋሽ ቶሎሳ ዱላቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ምን እያደረግህ ነው አንተ ልጅ?»

«ዓሣው እንዳያየኝ ነው ጋሼ።»

«ዓሣው ቢያይህ ምን ያደርግሃል?»

ጭቃውን መለቅለቅ ቀጠልኩ። ሰደርያውንም አውልቄ መቀመጫዬ ሥር ወሸቅኩት፤ ቀን ቀን ፋብሪካ ስለብሰው ኖሬ ማታ ደግሞ ዓሣ ፊት መኪና የማቆም መስሎ ተሰማኝ። ጥቁር ጃኬቴን ጀሪካኖቹ ላይ ደርቤ ለበስኩ። የግንባር ባትሪውንም ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ቦርሳውን ለከድር አስያዝኩት። ከድር ሱቁን ዘግቶ ሦስት ሰዓት ላይ ሊወስደኝ ተስማማንና ሄደ። ጋሽ ቶሎሳ «መብራት የለህም?» ብለው ጠየቁኝ። «ዓሣ መብራት ይፈራል» አልኳቸው። ይህን ማን እንደነገረኝ አላውቅም፤ የነገረኝ ሰው ራሱን ቢገልጽ ጥቂት የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዴት ደስ እንደሚል! ውሃው ዝም ብሏል፤ እንቁራሪቱ ይንጫጫል፤ እኔም በጠባቧ ጀልባ ላይ እግሬን ዘርግቼ መንጠቆዬን ጣልኩ። የመጀመሪያው የያዝኩት ፌስታል ነበር። ሁለተኛውም ፌስታል ነበር። ሦስተኛውን ስስበው ከበደኝና ልቤ ዘለለ፤ በውስጡ ድንጋይ ያለበት ፌስታል ሆነ። ከተማችን ውሃው ድረስ እንደተከተለችኝ ገባኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ገመዱን በኃይል ነጠቀኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ጎተትኩ፤ ጎተተኝ፤ ጀልባዋ ግራ ቀኝ ተንገዳገደች፤ እኔ «ሠናይት! ሠናይት!» እያልኩ እጮሃለሁ። በመጨረሻ ወጣ። ቆሮሶ ነው! ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ሕይወት ያለው፣ የሚያዳልጥ፣ ልክ ባለቤቴ እንዳዘዘችው። ወደ ጆንያዬ ከተትኩና ደስታዬን ጨርሼ መቅዘፊያዬን ላነሣ እጄን ሰደድኩ። መቅዘፊያ የለም። ዓሣውን በሁለት እጄ ስይዝ እሱን ማን ይይዝልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በእጄ ልቅዘፍ ብዬ ስጎነበስ ደረቴ ላይ ያለው ጀሪካን ውሃ አላስነካ አለኝ። ነፋስ ተነሣ። ቀስ በቀስ ጀልባዋ የእምቦጭ አረም መሃል ገብታ ተቀረቀረች። ቆመች ብዬ እፎይ ልል ስል የገባኝ ነገር አረሙ ራሱ እየተጓዘ መሆኑ ነው። እንደ ሰርቪስ አሳፍሮኝ ወደ ግድቡ በኩል፣ ውሃው ሲወርድ ወደሚጮህበት ይዞኝ ይሄዳል። የዚያን ጊዜ ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ምንም ቀልድ አልታየኝም።

ስልኬ ጠራ። ላስቲክ ውስጥ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ስለዋለ በቅጡ አልሞላም ነበር፤ አንድ መስመር ብቻ ቀርታዋለች። ሠናይት ናት።

«እንዴት ነህ?»

አሁን እናንተ ብትሆኑ «ድረሱልኝ» አትሉም? እኔ ግን ድምፅዋን ስሰማ፣ በዚያ ሆዷ ስትደነግጥ ታየችኝ። «እጅግ በጣም ደህና ነኝ!» አልኳት።

«ሰደርያውን ለብሰሃል?»

«ለብሻለሁ።»

«ባትሪውስ በርቷል?»

«ኧረ በርቷል! አካባቢውን ቀን አስመስሎታል! እንዲያውም ዓሣ ይዤልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ…» ስልኩ ጠፋ። ከዓለም ጋር ያገናኘችኝን የመጨረሻ ክር በውሸት ጨረስኳት። ደህና ነኝ ስላልኳት ደግሞ የሚፈልገኝ ሰው አይኖርም ብዬ ደነገጥኩ። ጨለማ ውስጥ፣ ጭቃ በተቀባ ጀልባ ላይ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሼ፣ ማንም እንዳያየኝ አድርጌ ራሴን አዘጋጅቻለሁ። በደንብ ተሳክቶልኛል።

«ጋሽ ቶሎሳ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዳሳቸው ሥር ትንሽ እሳት ትታየኝ ነበር። ስጠራቸው እሳቷ ድርግም አለች። ደገምኩ፤ ነፋሱ ድምፄን ይዞት ሄደ። እንደገና ስጠራ ሰውዬው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ ሰማሁ። የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው፤ ማታ ከጨለማ ውስጥ ስምህ ቢጠራ ሦስት ጊዜ እስኪደጋገም አቤት እንዳትል ተብያለሁ። ጋኔን ስም አውቆ ይጠራል፣ አቤት ያለውን ይወስዳል፣ ሦስቴ ግን አይጠራም ይባላል። ይኼኛው ደግሞ የሚጠራው ከውሃ ላይ ነው። ስጮህ ነፋሱ አንዱን ይወስድብኛል፣ ሌላውን ያደርስልኛል፤ ለእሳቸው ጆሮ መቼም ሦስት ሞልቶ አያውቅም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አቤት አልልም፤ ሮጬ አቃቂ ነበር የምገባው።

እንግዲህ ካልሰሙኝ ይዩኝ ብዬ ከመቀመጫዬ ሥር ሰደርያውን ጎትቼ ለበስኩት። ጋሽ ቶሎሳ ከጸሎታቸው መሃል የእጅ ባትሪያቸውን ወደ ውሃው አበሩ። ብርሃኑ ሰደርያዬ ላይ ሲያርፍ መስመሮቹ ቦግ አሉ። አዩኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ እጄን አወዛወዝኩ። ለካ እሳቸው የሚያዩት ሰው አይደለም። ጭንቅላትም እግርም የሌለው፣ የሚያበራ የጎድን አጥንት ብቻ ውሃ ላይ ሲጨፍር ነው የሚያዩት።

«ያ ዋቃዮ! በስመ አብ!» የሚል ጩኸት ተሰማና ባትሪው ጠፋ።

ብቻዬን ቀረሁ። የግድቡ ድምፅ ቀርቧል። ያን ጊዜ ስለ ልጄ አሰብኩ። ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖሬ እሱ መጥቶ እኔ ላልኖር ነው ብዬ አለቀስኩ። አላፍርበትም። ለቅሶዬ ግን ጮክ ያለ ነበረና፣ ከዳር «ማን ነህ አንተ?» የሚል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ መጣ።

«ሰው ነኝ!»

«እሱን ሁሉም ይላል!»

«ሰው ነኝ በማርያም! ጭቃ ሲቀባ ያዩት ሰው!»

«ሰው ከሆንክ በስመ አብ በል!»

ከመፍጠኔ የተነሣ አሜኑ ከወልድ ቀደመ። ጋሽ ቶሎሳ አልጠገቡም። «ይሄን እንኳ ሊያስመስለው ይችላል» ብለው ለራሳቸው ሲያወሩ ውሃው አመጣልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እድር አለህ?»

«አለኝ!»

«የት?»

«አቃቂ! ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ!»

«ስብሰባችሁ መቼ ነው?»

«ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ! ከቅዳሴ በኋላ!»

«የቀረ ሰው ምን ይሆናል?»

«ይቀጣል!»

«አንተ ተቀጥተህ ታውቃለህ?»

ግድቡ ሊውጠኝ የደረሰ ሰው ነኝ እኮ! ግን ጥያቄው ከበደኝ። «ታውቃለህ ወይ?» አሉ ደግመው።

«ባለፈው ተቀጥቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ከዚያ በፊትም!»

«ለምን ቀረህ?»

«እንቅልፍ ጥሎኝ!»

ጋሽ ቶሎሳ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው «በቃ ሰው ነው» አሉ። በኋላ እንዳስረዱኝ ጋኔን የሰው ስም ሊያውቅ ይችላል፤ በስመ አብም ሊል ይችላል፤ እድር ገብቶ፣ እሁድ ጠዋት ተኝቶ ቀርቶ፣ ተቀጥቶ ግን አይታወቅም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፌን አመሰገንኩት።

«የት ነህ?» አሉኝ።

«እዚህ!»

«እዚህ የት? አብራ!»

«መብራት የለኝም!»

«አይ አንተ ልጅ» አሉና የእጅ ባትሪያቸውን መለሱ። ሰደርያዬን አዩት፤ አሁን አልፈሩም። ችግሩ እኔ ነኝ። የሳቸው ባትሪ ደክማ ቢጫ ሆናለች፤ ከሩቅ የሚታዩኝ መብራቶች ብዙ ናቸው፤ በየት በኩል እንደምወጣ አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ ባትሪዋ ጨርሳ ጠፋች። «ቆየኝ!» ብለው ሲሮጡ ሰማሁ። ሄዱ ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ዳሩ በሙሉ በአንዴ ቀላ። የጭዱን ክምር ለኩሰውታል። ክረምቱን ለላማቸው የሚሆነውን ጭድ በሙሉ።

«ኮቱ!» ይሉኛል ከእሳቱ ፊት ቆመው፤ ና ማለታቸው ነው፤ አቃቂ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። «ኮቱ! ወደ እሳቱ! እሳቱን ብቻ እያየህ ና!»

ጫማዎቼን አውልቄ እጆቼ ላይ አጠለቅኋቸውና እምቦጩን እየገፋሁ፣ እየጎተትኩ፣ ጀሪካኑ አገጬን እየመታኝ ቀዘፍኩ። በዚህ መሃል የአካባቢው ሰው የጋሽ ቶሎሳ ቤት ተቃጠለ ብሎ በባልዲ ውሃ ይዞ እየሮጠ ደርሷል። ጋሽ ቶሎሳ ዱላቸውን መዘው እሳታቸውን ከአጥፊዎች ይከላከላሉ።

«እንዳታጠፉት! ሰው አለ ውሃው ላይ!»

«የምን ሰው?»

«የአቃቂ ሰው ነው! እድር ያለው ሰው ነው!»

እግሬ ጭቃ ሲነካ በአራት እግሬ መዳህ ጀመርኩ። እነዚያ ባልዲ የያዙ ሰዎች ጎትተው አወጡኝ። ጭቃ የተቀባሁ፣ የማበራ፣ ጀሪካን ያረገዝኩ፣ እጄ ላይ ጫማ ያደረግሁ ሰው አይተው ከመሃላቸው አንዱ ትንሽ ወደ ኋላ ማለቱን አስታውሳለሁ። እኔ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ ሳምኳቸው። ጋሽ ቶሎሳ እግር ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

«ጋሼ፣ ጭድዎን እኮ…»

«ለላሚቱ ነበር። ዛሬ ላንተ ሆነ» አሉ። «አትቀየምም፤ እነግራታለሁ።»

ጭዱን በሳምንቱ እኔና ከድር በባጃጁ ጭነን ወስደን ከምረንላቸዋል። ያን ማታ ያልኳቸውን «ገለቶማ» ግን መቶ ጭነት ጭድ አይተካውም፤ እንደዚያ ከልቤ ለማንም አመስግኜ አላውቅም።

ከድር በዚያው ሰዓት ደረሰ። ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ አቀፈኝና ደጋግሞ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከሦስት ሰዓት በፊት ምን አመጣህ ብዬ ስጠይቀው ፊቱን አዞረ።

«ሠናይት ናት የላከችኝ። ቦርሳህን ቤት አድርሼላት ነበር።» ቀጥሎ የሚናገረውን ላለመስማት ጆሮዬን መድፈን ፈለግሁ። «ስትደውልልህ ባትሪውን በእጇ ይዛው ነበር።»

ወደ ቤት ስንመለስ ጆንያዬን አቅፌ ተቀመጥኩ። ከውሃው ይልቅ አሁን ነው የፈራሁት። ስገባ ሰፈሩ መብራት አልመጣም፤ ሠናይት ሻማ አብርታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ዓሣውን በጆንያው አቀረብኩላት። ተቀብላ አወጣችው፤ በእጇ አዳለጣት፤ ሳፋ ውስጥ አስቀመጠችው። እጇን ታጠበች። ስድብ ስጠብቅ «ና» አለችኝ። ተጠጋሁ። የቀዘቀዘ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው።

«እኔን ዋሸኸኝ፤ እሺ፣ እኔ ለምጄሃለሁ» አለች። «ለዚህኛው ግን እውነቱን ንገረው። ገና ሳይወለድ አትጀምረው።»

ወደ ሆዷ ጎንበስ አልኩ። «ጨለማ ነበር ልጄ» አልኩት። «መብራት አልያዝኩም ነበር። እናትህ ሰጥታኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የተውኩት።»

ሠናይት አልሳቀችም። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ፈራሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ሳላይህ የምቀር መስሎኝ» አልኩት። «ስንት ዓመት ጠብቄህ፣ ሳላይህ የምቀር መስሎኝ ፈራሁ።»

ሠናይት እጄ ላይ እጇን ደረበች። ውስጥ ያለው ሰውዬ መዳፌን በእግሩ መታው፤ በደህና ጉልበት። በሕይወቴ ተመትቼ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ያልኩት ያን ማታ ብቻ ነው።